ጸጥ ብሎ ወደ ሉማሜ

በጣሊያን ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ሉማሜ የሚሄድ የሌሊት የሕዝብ ማመላለሻ ነበረኝ። መኪና እንዳይመስላችሁ፤ አምስት በቅሎ ነው። ቢሆንም እነዚያ በቅሎዎች መንገድ ሲጀምሩ የጮቄ ንፋስ ከኋላ "ኧረ ቆዩኝ!" እያለ ይከተለን ነበር።

ቀን መሄድማ አይሞከርም። ባንዳ በቅሎ ካየ ለጣሊያን ጭነት ብሎ ይነጥቃል፤ ወረቀት የሌለውን መንገደኛም ያስራል። ስለዚህ ተሳፋሪው ራቱን በልቶ ከከተማው ዳር ይጠብቀኛል፣ ጎህ ሳይቀድ ሉማሜ አራግፈዋለሁ። የመስመሩ ሕግ አንድ ነው፤ ዝም! የበቅሎዎቹን ቃጭል ፈትቼ፣ ኮቴያቸውን በጆንያ ቁራጭ ጠቅልዬ ነበር የምነዳው። ሉማሜ መግቢያ ላይ አንድ ፈረንጅና ባንዶቹ በሚጠብቋት ኬላ በኩል ስናልፍማ እንኳን ማውራት ማሰብም ክልክል ነበር።

አንድ ሌሊት ሦስት ሰው ጫንኩ። አንዱ እስላም የጨው ነጋዴ ናቸው፣ ከነጨዋቸው። ሁለተኛው ወደ ዲማ የሚመለሱ መሪጌታ። ሦስተኛዋ የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ልጅ እግር ሴት፤ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ነው።

"ወርሽ ደርሷል እንዴ?" አልኳት።

"ገና ነው፣ አያ። አንድ ወር ይቀረኛል።"

ሆዷ ግን ከበቅሏ ቀድሞ ሉማሜ ሊገባ የተነሣ ይመስላል። "እኔ የማመላልሰው የተወለደ ሰው ነው፤ ያልተወለደ አልጭንም" ስላት ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካ ባሏ ዱር ገብቷል፤ እናቷም መጥተው እንዳይወስዷት ኬላው አላሳልፍ ብሏቸዋል። "ከእናቴ እጅ ካልሆንኩ አልተርፍም፣ አያ" አለችኝ። ሰጋሯን በቅሎዬን ሰጠኋት። ጀርባዋ ላይ ሙሉ ብርሌ ጠጅ ብታስቀምጡ ጠብ አይልም።

መንገዱ ሰላም ነበር። የኬላው እሳት ፊት ለፊት ሲታየን ግን ልጅቱ "እህህህ!" አለች።

አንድ ወር ይቀረኛል ያለችው ምጥ መጣ።

እኛ አገር ሴት ስታምጥ የሰማ ሰው ሁሉ "ማርያም! ማርያም!" ይላል። እንደ ማስነጠስ ነው፣ አይያዝም። መሪጌታው በዚያ ማኅሌት ባሠለጠነው ጉሮሯቸው "ማርያም! ማርያም!" ሲሉ ሦስት ወንዝ ማዶ ያለ ውሻ ነቃ። "ኧረ ዝም ይበሉ!" ልላቸው አፌን ብከፍት፣ የወጣው "ማርያም! ማርያም!" ነው። ነጋዴውም ከበቅሏቸው ላይ ሆነው ተቀበሉን።

 አለቀልን ስል፣ ከእሳቱ ዙሪያ የወንዶች ድምፅ መጣ።

"ማርያም! ማርያም!"

ባንዶቹ ናቸው! እነሱንም አፋቸው አመለጣቸው።

አንደኛው ዘግይቶ ሥራው ትዝ አለውና "ማነው እዚያ?" አለ።

"ምጥ የያዛት ሴት ናት፣ ጌታዬ!" አልኩ።

"የማን ሚስት ናት?"

 የባሏን ስም ብንጠራ በቅሎዎቹም እኛም እዚያው ቀረን። መሪጌታው ግን ፈጠን ብለው "አሁንስ የእናቷ ልጅ ናት! ገና የመጀመሪያዋ ነው!" አሉ።

"የመጀመሪያዋ?" ባንዳው ተቆጣ። የተቆጣው እኔን ነው። "ታዲያ አንተ ደንቆሮ፣ በብርድ ምን ያስገትርሃል? እናቷ ዘንድ አታደርሳትም? ቶሎ በል፣ ፈረንጁ ሳይነቃ!"

መንገዱን የዘጋውን ግንድ ለሁለት አንሥተው ችቦ እያበሩ አሳለፉን። የእናትየው ቤት ከኬላው ሁለተኛው ነበር። እናትየው በነጠላ ቀሚስ ሮጠው ወጡ፣ ልጃቸውን ከኮርቻው ላይ እንደ ሕፃን አቅፈው አወረዷት። እኛ ወንዶቹ ግቢ ውስጥ ቀረን። ነጋዴው መቁጠሪያቸውን፣ መሪጌታው ዳዊታቸውን፣ እኔ የበቅሎ ልጓም ይዘን ቆምን።

ሊነጋጋ ሲል እልልታው መጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ለወንድ እንደሚባለው ሰባት አልደረሰም። ሴት ናት! "እናቲቱስ?" ብዬ በበሩ ቀዳዳ ጮኽኩ። "ደኅና ናት፣ ገንፎ አምጡ እያለች ነው!" አሉኝ።

ይኸኔ ከኬላው በኩል ጥይት ጮኸ፤ ሦስቴ፣ ወደ ሰማይ። ባንዶቹ እልልታውን ሰምተው ነው። ለፈረንጁ ምን ብለው እንዳስረዱት እስከ ዛሬ አላውቅም።