«ስታት» ማለት አሁን ማለት ነው

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፣ ለልጆቼ አልነገርኩም፣ በጸሎቴም ስደርስበት ዘልዬው ነው የማልፈው፤ እግዚአብሔር የማያውቀው ይመስል። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ የነፍስ አባታቸው ጆሮ ላይ አራግፈው ቀለል ብሏቸው ሲመለሱ እያየሁ ስንት ቀን ቀንቻለሁ። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሳላስፈቅድዎ የነፍስ አባቴ አድርጌዎታለሁ። ይቀመጡና ይስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጌዴኦ አገር፣ ጨለለቅቱ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሥራዬ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋትና ካርድ ማውጣት ነበር፤ ገበሬው ግን «ሐኪሟ» ነበር የሚለኝ። ሐኪሞች የሚጽፏቸውን አጫጭር ፊደላት በአካባቢው የማነብ እኔ ነበርኩና ነው። ዲላ ታክሞ የተመለሰ ሁሉ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አጥፎ በቀጥታ ወደ ቤቴ ይመጣል። «ምን ይላል?» ይለኛል። አነብለታለሁ። ቢአይዲ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ቲአይዲ፣ ሦስት ጊዜ። ፒአርኤን፣ ሲያምህ ብቻ። ኤንፒኦ፣ እህል ውሃ እንዳትቀምስ። ስታት፣ አሁኑኑ፣ ሳትውል ሳታድር።

እወዳቸው ነበር እነዚህን ፊደላት። ጠዋት ጭጋጉ ከቡናው ሥር ሳይነሣ ወደ ሥራ ስሄድ እንደ መዝሙር አንጎራጉራቸዋለሁ። ሰው የማያውቀውን ብቻዎን ማወቅ እንዴት እንደሚያሰክር ያውቃሉ? እኔ አውቃለሁ። ጠጅ ቀምሼ አላውቅም፤ በዚያ ግን ሰክሬ ነበር የምውለው።

ማርቆስ የሚባል የቡና ማጠቢያ ሠራተኛ አጭቶኝ ነበር። ሠርጋችን አንድ ጊዜ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ አባቱ ሞቱና ቀረ፤ ሐዘኑ እስኪወጣ ዓመት ጠበቅን። እንደገና ለጥር ተቆረጠ፣ ቡናው ተለቅሞ እንዳለቀ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እኩዮቼ ሁለት ሦስት ወልደዋል። «ሐኪሟ ሰው ስታክም የራሷን ረሳች» እያሉ ይተርቡኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤቴ ገብቼ ግን አልስቅም ነበር።

እናቱ እማማ አየለች ይባላሉ። ገና ሳልዳር «ልጄ» ብለው ይጠሩኝ ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ እንሰት ሲፍቁ ግራ ክንዳቸው እንቢ አላቸው። ቤታቸው ሄጄ ብዳስሳቸው ጡታቸው ውስጥ እንደ ባቄላ የጠጠረ ነገር አለ። በነጋታው በአውቶቡስ ይዣቸው ዲላ ሄድኩ።

ያየን ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነው፤ አማርኛ ከ«ደህና» ሌላ አያውቅም፣ እንግሊዝኛውም እንደ እኔው የተሰባበረ ነው። እማማ አየለች ደግሞ ከጌዴኦ ቋንቋቸው ሌላ አይሆንላቸውም። በሁለቱ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን ያስተውሉልኝ። እውነት ከዚያ ክፍል የምትወጣበት በር አንድ ብቻ ነበር፤ በሩም እኔ ነበርኩ።

ሐኪሙ ጡታቸውን አየ፣ ብብታቸውን ዳሰሰ፣ ጻፈ። «ሲኤ» አለና የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ሲኤ ካንሰር ነው፤ የጥያቄ ምልክቱ «እጠረጥራለሁ» ማለት ነው። ከሥሩ ወደ አዲስ አበባ እንዲላኩ ጻፈ። መጨረሻ ላይ «ስታት» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ቀና አለና ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ እያደረገ አየኝ። ገብቶሻል? ማለቱ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ። ገብቶኝ ነበር።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ልጆች «ጅብ ወለደች» እንደሚሉት ፀሐይና ካፊያ አብረው ይወርዱ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ያብረቀርቃል። እማማ አየለች ጉንጫቸው ላይ ጠብታ ነበረች፤ አልጠረጓትም።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

አዲስ አበባ ከሄዱ ማርቆስ አብሮ ይሄዳል። ሠርጉ ይቀራል። ቢሞቱ ደግሞ ሌላ ሐዘን ነው፣ ሌላ ዓመት። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እስክከት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ አልፈጀብኝም።

«እባጭ ነው» አልኳቸው። «ከቡና ለቀማው በኋላ ይመለሱ ይላል።»

«እሰይ!» አሉ፣ ጉልበቴን መታ አድርገው። «እንግዲያ ሠርጋችሁ ላይ እዘምራለሁ!»

እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። ያሳሳተኝ የለም፣ ያነበብኩት አልጠፋኝም። እኔ ነኝ «አሁን»ን ወስጄ «ከለቀማው በኋላ» ያደረግኩት።

ስንመለስ ይርጋ ጨፌን እንዳለፍን ጭጋግ ወረደ። እማማ አየለች ትከሻዬ ላይ ተኙ። ያ ጉዞ አላለቀልኝም። እስከ ዛሬ በህልሜ አውቶቡሱ ይሄዳል፣ እንሰቱ በመስኮት ያልፋል፣ የቡናው ጥላ ያልፋል፣ እሳቸው ትከሻዬ ላይ ናቸው፤ እንደ ሕፃን ቀለዋል። ልቀስቅሳቸውና ልንገራቸው ብዬ አፌን እከፍታለሁ። የሚወጣው ግን ቢአይዲ፣ ቲአይዲ፣ ቢአይዲ፣ ቲአይዲ ነው። ጨለለቅቱም አንደርስም።

በአገራችን ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም፣ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ይህን ሰበብ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ዓመት ተጠልዬበታለሁ። ታዲያ ለማርቆስስ ነገርኩት? በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ደጅ ቆሞ ጠብቆን «እንዴት ናት?» ሲለኝ «ደህና ናቸው» አላልኩትም? ለእሳቸው ያዘንኩ መስዬ ለራሴ ነው ያዘንኩት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እኔ የቆረስኩት ከሰው ዕድሜ ላይ ነው።

ጥር ላይ ተጋባን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ሠርጉ እሳቸው ቤት ሆነ፤ መስኮቱን ዘግተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ዘመርን። እማማ አየለችም ቃላቸውን ጠበቁ፣ ዘመሩ። የሚያነሡት ግን ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ ሙሽራዋ ያልተነሣውን እጅ ታይ ነበር።

የካቲት ላይ ዲላ መለስኳቸው። ያው ሐኪም ካርዱን አገላበጠ፣ ቀኑን አየ፣ ለምን ዘገያችሁ አለኝ። «እሳቸው እንቢ ብለው ነው» አልኩት። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው፣ ምን እንዳልኩ ሳያውቁ፣ ለሐኪሙ ፈገግ ይሉለታል። ከዚያ አዲስ አበባ ደረሱ፤ ዘግይቷል ተብለው ተመለሱ።

በጊዜው ቢሄዱ ይድኑ ነበር? አላውቅም። ምናልባት ያኔም አይድኑም ነበር። በዚህ «ምናልባት» ለመጽናናት ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ግን እኮ የወሰድኩባቸው እሱን ራሱን ነው፣ ምናልባታቸውን ነው። መልሼ ለራሴ መጽናኛ ላድርገው?

እስኪሞቱ አስታመምኳቸው። ቁስላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ «እንዲህ ያለች ምራት» እያለ አመሰገነኝ። ሊያርፉ ሰሞን እጄን ይዘው «አንቺን የመሰለች አስታማሚ ይዘዝልሽ» ብለው መረቁኝ። እሳቸው ከልባቸው ነው የመረቁኝ። እኔ ግን ያን ምርቃት እንደ እርግማን ፈርቼው ኖርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ አርባ ዓመት ገደማ አደረ እንጂ አልጠራም። ዛሬ ከማርቆስ ጋር ዲላ እንኖራለን፤ ልጆቹ ወጥተዋል፣ ቡናችን እዚያው ጨለለቅቱ ነው። ማርቆስ ዓይኑ ደክሟል። ባለፈው ሳምንት ከሐኪም ተመልሶ በረንዳው ላይ ተቀመጠና ወረቀቱን ዘረጋልኝ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

የእናቱ ድምፅ ነው። እንዴት እስከዛሬ አላስተዋልኩትም? ካፊያ ነበር፣ ፀሐይም ነበር፣ እና ለአፍታ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩለት። ዲኤም፣ ይህ ስኳር ነው አልኩት። ቢፒ ያለው የደም ግፊትህ ነው። ይኸኛው ቢአይዲ ነው፣ ጠዋትና ማታ ትውጣለህ። ኩላሊትህንም ሳይነካው አልቀረም ይላል፤ ከነገ ወዲያ ለምርመራ ተመለስ ብሎሃል፣ እንሄዳለን። አንድ ፊደል አላስቀረሁም። የሚያስፈራውንም አልዘለልኩም።

ማርቆስ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጠፈው። ከዚያ እጄን ፈልጎ ያዘው።

«ለእናቴም እንዲህ ነበር አንዲት ሳታስቀሪ ያነበብሽላት» አለኝ። «ተባረኪ፣ የሐና እናት።»

«አሜን» አልኩ።

አንባቢዬ፣ ይህን ያስጻፈኝ ያ «አሜን» ነው። የመጀመሪያውን የዋሸሁት ገና ሙሽራ ልሆን ስቸኩል ነው፤ ይህንን የዋሸሁት አያት ሆኜ ነው። እርስዎን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታዋ የእርስዎ አይደለችም። ባለቤቷ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ ከጠረጴዛዬ እስከ እሱ አሥር እርምጃ አይሆንም። ሲያስል ይሰማኛል። የእናቱ ወረቀት መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ነው። ቢጫ ሆኗል፤ «ስታት» የሚለው ግን ከነሁለቱ መስመሩ አልደበዘዘም። ትርጉሙን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

እነግረዋለሁ። ቡናው ይለቀምና እነግረዋለሁ ብያለሁ።