ወንድሜ ያልፈረመው ወረቀት

ወንድሜ መለወጡን መጀመሪያ ያወቅኩት በአበላሉ ነው። ዩለስ በምትባል ከተማ አንድ አፓርታማ ተከራይተን አብረን እንኖራለን፤ እኔ ነርስ ነኝ፣ እሱ በከባድ ሚዛን የሚጋጠም ቦክሰኛ። እስከዚያ ድረስ ተሸንፎ አያውቅም። ግጥሚያ ሲቃረብ የሚበላውን ሁሉ በሚዛን የሚለካ ሰው፣ በዚያ ሰሞን ከፍሪጅ ያገኘውን ቆሞ ጎርሶ ይተኛ ጀመር።

አንድ ቀን አሰልጣኙ ደወሉልኝ። ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ቦክስ የሚያሰለጥኑ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጁ ታሟል እንዴ? ሲፈልግ ይቀራል። ሲመጣም የመለማመጃ ጆንያውን የሚመታው ይቅርታ እየጠየቀ ይመስላል።»

እቤት ሲመጣ ጠየቅኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ሶ… ደክሞኛል፣ በቃ።»

«ሐኪም ይይህ?»

«ሰውነቴን አይደለም የደከመኝ።»

ይህን ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እሁድ እሁድ ብቻውን መኪናውን አስነስቶ ይወጣና ፊቱ ጠቁሮ ይመለሳል። የት እንደሚሄድ አይናገርም። ሥራ ቦታ እንደዚህ ያለ ፊት አውቃለሁ፤ ክፉ ነገር መምጣቱን አውቀው ዝም የሚሉ ሰዎች ፊት ነው። ግጥሚያው በሆነ ምክንያት በተሰረዘ ብዬ ተመኘሁ። ግን አልነገርኩትም፤ የምናውቀው ሰው ሁሉ ቲኬት ገዝቶ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ፎርት ዎርዝ ከተማ እንደ እሱ ካለ ባለ ከባድ ሚዛን ጋር ተጋጠመ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች ወንድሜ ተጫወተበት። በአምስተኛው የወንድሜ ግራ እጅ አገጩ ላይ ሲያርፍ የተጋጣሚው ጉልበት ከዳው፤ ገመዱ ላይ ተደግፎ ሁለቱም እጆቹ ወረዱ። አንድ ምት ብቻ ነበር የቀረው። ወንድሜ ክንዱን አነሳና ቆመ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ጨርሰው!» አሰልጣኙ የሪንጉን ወለል በመዳፋቸው ይደበድባሉ።

አልጨረሰውም። በቀሩት ሦስት ዙሮች እጁን የሚያነሳው ፊቱን ለመሸፈን ብቻ ነበር።

ሁለት ዳኞች ለተጋጣሚው ሰጡ፣ አንዱ ለእሱ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። «ዘረፉት!» ይላል ሰው፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያራገቡ ዳኞቹን ይረግማሉ። በእኔም ቆጠራ ያሸነፈው እሱ ነበር። አሰልጣኙ የይግባኝ ወረቀት አዘጋጁ፤ የሚጎድለው የእሱ ፊርማ ብቻ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛችን ላይ ሳይነካ ሰነበተ።

በመጨረሻ ጮህኩበት። «ለምንድን ነው የማትፈርመው? አሸንፈሃል እኮ!»

«ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ» አለኝ።

ፕሌኖ አካባቢ አንድ የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት ወሰደኝ። መስኮት አጠገብ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የፊቱ ግማሽ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ እናቱ እርጎ ታጎርሰዋለች። ማን እንደሆነ የለየሁት ቀረብ ስል ነው። ከዚህኛው በፊት በነበረው ግጥሚያ ወንድሜ በዝረራ ያሸነፈው ሰው ነው። ያን ቀን እልል ብያለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውየው አንድም ቀን አልጠየቅኩም፤ ነርስ ሆኜ እንኳ።

እናትየው ተነስታ ቦታ ለቀቀችለት። ወንድሜ ማንኪያውን ተቀበላትና ቀስ እያለ ያጎርሰው ጀመር።

ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ቆም አለ። «መጀመሪያ ስመጣ አባረረችኝ። ሁለተኛም አባረረችኝ። በሦስተኛው ወንበር ሰጠችኝ። ያኛው ተጋጣሚዬ ገመዱ ላይ እጁን ሲያወርድ የታየኝ የዚህ ፊት ነው። ዳኞቹ ሰርቀውኝ ይሆናል፣ አላውቅም። ግን ከፈረምኩ እንደገና ያጋጥሙኛል። ከዛስ?»

የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ተቀብዬ እኔ ነዳሁ።

በማግስቱ ለአሰልጣኙ ኮል አድርጎ እንደማይፈርም፣ ቦክስም እንደሚተው ነገራቸው። «ዕቃህን መጥተህ ውሰድ» ብለው ዘጉት። አልሄደም። አሁን ኤርፖርት ጭነት ያወርዳል። ሰርግ ላይ ሰዎች «ያንን ግጥሚያ እኮ ሰረቁህ!» ሲሉት ራሱን ነቅንቆ ያልፋል።

እሁድ እሁድ አሁን አብሬው እሄዳለሁ። ሰውየው በቅርቡ የሳንባ ምች ያዘው፤ ዳነ ስንል ተመልሶ ያዘው። ባለፈው እናቱ ኮሪደር ላይ እጄን ይዛ «አንቺ ታውቂያለሽ፤ ልጄ ይተርፋል?» አለችኝ። እንዲህ ተመላልሶ ሲይዝ ብዙ ሰው እንደማይተርፍ አልነገርኳትም። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ እሱም መልሴን ይጠብቅ ነበር።