የማይቀመስ ጨው

ሙኒር በባሕር ዳር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ያደገው ግን ጣና ዳር፣ ዓሣ በጨው ከሚያደርቁ ሰዎች መካከል ነው። እዚያ ዓሣው ከመነከሩ በፊት ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በጣት ተጠቅሶ በምላስ ይለካል። ሚስቱ ሐቢባ ዕድሜዋን በዚህ ሥራ አሳልፋ ባለፈው ጥቅምት ሞተች። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ወጥ ጨው ይኑረው አይኑረው ልብ አይለውም።

በግንቦት ዝናብ የቤተ ሙከራው ጣሪያ አፈሰሰ። ነጭ ጨው በያዙ አራት ብልቃጦች ላይ የተለጠፈው ስም ርሶ ተላጠ። ኬሚስትሪ የምታስተምረው መምህርት ሰገነት በማግሥቱ የጨው ዓይነቶችን ለተማሪዎች በተግባር ልታሳይ ነበርና ብልቃጦቹን እያነሣች አየቻቸው። መልሳ አስቀምጣ፣

«ጋሽ ሙኒር፣ ያልታወቀ ነገር ለልጅ አልሰጥም። ዛሬ ካልለዩት ይጣል» አለችው።

ቢጣል ምትክ የለም። ልጆቹ ጨውን የሚያዩት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ብቻ ይሆናል።

በብልቃጦቹ ውስጥ ምን ምን እንደነበረ ያውቃል፤ የጠፋበት የትኛው በየትኛው እንዳለ ነው። በኬሚስትሪ አራቱም ጨው ይባላሉ፤ አንዱ የገበታ ጨው ነው። አንዱ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሲዳዊ ጨው የሚሉት። ሌላው አሉም የሚባለው ድርብ ጨው፣ ቆዳ የሚለፋበት። የቀረው ሌድ ናይትሬት ነው፤ እርሳስ አለበት፣ መርዝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ብቻውን ተቀመጠ። አቼቶ ጠብ ሲያደርግበት አንዱ ተንተከተከ፤ ሶዳው ታወቀ። ሌላው የአልኮል መብራቱን እሳት ደማቅ ቢጫ አደረገው፤ የገበታው ጨው ነው። ወዲያው የመብራቱ አልኮል አለቀ። ሁለት ብልቃጥ ቀረ።

ወገቡን አመመው። መቼ እንዳነሣው ሳያውቅ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከሁለቱ የአንዱን ዱቄት ነክቶ ነበር። ከንፈሩ ጋ ሊደርስ ሲል የሐቢባ ነገር ትዝ አለው። ሥራውን የጀመረ ሰሞን እዚህ መጥታ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አይታ፣ ይቀመሳሉ ወይ ብላ ጠይቃው ነበር። አይቀመሱም አላት።

«ጨው ሆኖ የማይቀመስ፣ እና ምን ይረባል?» ብላ ሳቀችበት።

መርዙ ጣፋጭ ነው ይባላል። ቢቀምሰው የሚከለክለው ሰው እቤት የለም። ጣቱ ላይ ያለውን ነጭ ዱቄት አየ። ከዚያ ተነሥቶ እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ።

ከሁለቱም ቆንጥሮ በተጣራ ውሃ ለየብቻ አሟሟ። ከገበታው ጨውም እንደ ጣና ዳር አድርጎ በጥብጦ፣ በየብርጭቆው ጠብ ጠብ አደረገ። አንደኛው ጥርት እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው እንደ ወተት ነጥቶ ከታች ዘቀጠ፤ እርሳስ ከገበታ ጨው ጋር ሲገናኝ እንዲህ ነው። መርዙን ያጋለጠው የሐቢባ ጨው ሆነ።

ሦስቱን ስማቸውን ጽፎ ለጠፈባቸው። በአራተኛው ላይ ከስሙ በታች በቀይ ጨመረበት፦ «ጨው ነው። አይቀመስም።»

ቁልፉን ለሰገነት አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ወጡን ቀመሰው፤ ጨው አልነበረውም። ተነሥቶ ጨመረበት።