ለምስጋናው ነፍስ የጨመርን ቀን

ባለፈው ሰሞን ልጄ አዲስ ጌም ስትከፍት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ገና ሳይጀመር ጌሙ ራሱ ቀላል ይሁንልሽ ወይስ ከባድ ብሎ ጠየቃት። እሷም ምንም ሳይመስላት ቀላሉን ነካችና ገባች። በቃ፣ ያለቀ ነገር። እኔ ግን ልቤ እዚያው ምርጫው ላይ ቀረ። እኛ ሰቆጣ ላይ ልጆች ሳለን እንዲህ ብሎ በትሕትና የሚጠይቅ ጌም አልነበረም። የከበደንን ነገር ለማቅለል ሆዱን ከፍተን መግባት ነበረብን። ገባንም። ያየነውን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል።

እናቴ ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። የቤቱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የሞቀ ወረቀት፣ የኮፒ ቀለም፣ ከደጅ የባጃጅ ቤንዚን፣ በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጣ ፍየል። ኮምፒውተራችን ከኋላዋ ወፍራም፣ ስትነሳ የምታጓራ ነበረች። ኮሌጅ ይማር የነበረው የአክስቴ ልጅ ደጀን ለበዓል ሲመጣ ፎርማት ያደርግልን ነበር። በአንዱ ፋሲካ ሥራውን ሲጨርስ አንድ ጌም ጭኖልን ሄደ።

በጌሙ ውስጥ የብረት ልብስ የለበሰ፣ ሰይፍ የያዘ ሰው አለ። ስሙን ማንበብ ስላቃተን «ሰውዬው» አልነው። ገና ሲጀመር ድልድይ ይመጣል፣ ከድልድዩ ጫፍ በር፣ ከበሩ ፊት ደግሞ ዘበኛ። ዘበኛው ቁመቱ የደጀ ሰላም በር ያህላል። መዶሻውን አንዴ ያወርዳል፣ ሰውዬው ይሞታል። ከትምህርት መልስ፣ ደንበኛ ሲቀንስ፣ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ይሞክራሉ። ሕጋችን አጭር ነበር፤ የሞተ ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ብዙ ሞተው ብዙ ተሳድበው በመጨረሻ ዘበኛውን የጣሉት ጥቂት አልነበሩም።

ታናሽ ወንድሜ ምስጋናው ግን ሁልጊዜ ወዲያው ተነሺ ነው። ሕፃን ሳለ ግራ እጁን እሳት አግኝቶት ጣቶቹ ተኮማትረው ቀርተዋል። በዚያ ጌም ደግሞ ሰውዬውን የሚያንቀሳቅሰው ግራ እጅ ነው፤ ቀኙ ማውሱን ይይዛል። የምስጋናው ጣት ቁልፉን እስኪያገኝ ሰውዬው ተጨፍልቋል። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። «አምጣ እኛ እናሳልፍህ» ይሉታል። እሱ እጁን በሹራቡ እጅጌ እየሸፈነ «እኔ ራሴ» ይላል። በሩን ያለፈ ልጅ ሲጫወትማ ፊቱን አዙሮ ደጅ ይወጣል። ከበሩ ወዲያ ያለውን ራሱ ደርሶበት ካልሆነ ማየት አልፈለገም።

ውሎ አድሮ መሞከሩንም ተወው። ተራው ሲደርስ «ለሌላ ስጡት» ማለት ጀመረ። እናቴ «ይኼ ልጅ ምን ነክቶት ነው?» ስትል እኔ አውቅ ነበር። ወንድሜ እጄ የማይደርስበት ነገር አለ ብሎ ማመን ጀምሯል። ጌሙ ይቅር፣ እኔን ያስፈራኝ ይህ ነው።

ያኔ ደጀን ያሳየን ነገር ትዝ አለኝ። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ፎቶም ይሁን ዘፈን፣ በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሲከፈት ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው። ጌሙም የደረስንበትን የሚያስቀምጥበት ፋይል አለው፤ «ሴቭ» የምንለው።

«የሰውዬውን ነፍስ ብንጨምርለትስ?» አልኩት። በእኛ አፍ ነፍስ ማለት ከስክሪኑ አናት ላይ ያለችው ቀይ መስመር ናት፤ ሲመቱህ ታጥራለች፣ ስታልቅ ትሞታለህ።

ምስጋናው አሰበና «ማጭበርበር አይሆንም?» አለኝ።

«ለዘበኛውስ ያን የሚያህል መዶሻ ማን ሰጠው?» አልኩት። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።

በእናቴ ቤት አንድ የማይሻር ደንብ ነበር፤ ዋናው ሰነድ ላይ አይጻፍም፣ የሚጻፈው ኮፒው ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቩን ኮፒ አደረግሁ። ከዚያ ከፈትኩት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቁጥር ሞላ፤ በቁጥሮቹ መሃል ከኤ እስከ ኤፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተሰግስገዋል። ሁለታችንም ዝም አልን። ሰውዬው የቆመበት ቦታ፣ የያዘው ሰይፍ፣ የቀረችው ነፍስ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ተጽፏል። የሰው ቤት ሳናንኳኳ የገባን ያህል ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

የሰውዬው ነፍስ፣ ከቀይዋ መስመር ጎን እንደተጻፈው፣ ሦስት መቶ ነበረች። የኮምፒውተሩ ካልኩሌተር ይህን ወደዚያ የቁጥርና የፊደል አጻጻፍ ሲለውጠው «ዜሮ አንድ፣ ሁለት ሲ» ሆነ። ፈለግሁ፣ የለም። እንደገና ፈለግሁ፣ የለም። ልተወው ስል ምስጋናው «ከኋላ ፈልጊው» አለኝ።

«ምን ማለት ነው ከኋላ?»

«የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያስነብቡን አልነበር? ምናልባት ይኼም እንደዚያ ይሆናል።»

እውነቱን ነው። የኔታ በቃሉ ሸምድዶ የሚያነበንበውን ልጅ የሚይዙት በዚህ ነበር፤ ፊደል በሚጠቁሙበት ስንደዶ ከግርጌ ይጀምሩና ሽቅብ ይወጣሉ። ፊደሉን በእውነት የለየ ያነባል፣ ያለየ ይንተባተባል። እኔም «ሁለት ሲ፣ ዜሮ አንድ» ብዬ ፈለግሁ። ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ያን የመሰለ ነገር ዓለም ማዶ የሠራው ሰው ቁጥሩን የጻፈው የኔታ እኛን በሚያስነብቡበት መንገድ ነው!

ከዚያ ስግብግብነት ያዘን። ቦታውን በሙሉ በትልቁ ፊደል፣ በኤፍ፣ ሞላነው። ጌሙን ስንከፍት ሰውዬው ገና ከመነሳቱ ክልትው ብሎ ሞተ። ቁጥሩ ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ ከዜሮ በታች አድርጎ እንደሚያነበው ደጀን በኋላ ነግሮናል። እናቴ ከኮፒው ማሽን አጠገብ ሆና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች፤ ምን እንደፈሰሰ ግን አታውቅም። ወደ ኮፒያችን ተመለስንና በልኩ ጨመርን። አሁን ሰውዬው ቆመ። ቀይዋም መስመር ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ተዘረጋች።

እኔም ከደስታዬ ብዛት «የምስጋናውን ነፍስ መቶ እጥፍ አደረግነው!» ብዬ ጮህኩ።

ለካ አባ ኪዳኔ በሩ ላይ ቆመዋል። አባ የቤተሰባችን የነፍስ አባት ናቸው፤ የአንድ ሕፃን የክርስትና ምስክር ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ መምጣታቸው ነበር።

«የማንን ነፍስ ነው የምታበዙት እናንተ?» አሉ።

እናቴ ደነገጠች። እኔ ተንተባተብኩ። «የምስጋናው አይደለም አባ፣ የዚህ ሰውዬ ነው» አልኳቸው ወደ ስክሪኑ እየጠቆምኩ።

አባ ቀረብ ብለው ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «እሱስ የነፍስ አባት የለውም?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ምስጋናው ድልድዩን ተሻገረ። መዶሻው ወረደ። ቀይዋ መስመር ንቅንቅ አላለችም። ዘበኛው ደጋግሞ ቀጠቀጠው፤ ወንድሜ ግን መልሶ እንኳ ሳይመታው በሁለት እግሮቹ መሃል ሾልኮ በሩን ገፋው።

ከበሩ ወዲያ ያለውን እኔ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ያላየሁት መሰለኝ። ገደል ከገደል እየተደረበ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከተራራችን አፋፍ ወደ ተከዜ ስንመለከት እንደምናየው። ከታች ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ፀሐይ። አውሬዎች እየመጡ ይመቱታል፤ ምስጋናው ዝም ብሎ ይሄዳል። ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ደግሞ ይሄዳል። የኮፒው ማሽን ብቻ ያጉረመርማል።

«ይኼን ሁሉ ማነው የሠራው?» አሉ አባ።

«ሰው ነው አባ።»

«ሰው?» አሉ። ቆይተው ለራሳቸው «ሰው!» አሉ። ከዚያ አማትበው ወጡ፤ ያመጡትን ምስክር ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ረስተው።

ነገሩ እዚህ ላይ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ምስጋናው መጥቶ «ቀንሺልኝ» አለኝ። ቀነስኩለት። «ጥቂት አበዛሽ፣ አሁንም ቀንሺ።» ልብስ ሰፊ ወገብ እየለካ እንደሚያጠብ ስንጨምርና ስንቀንስ ሰነበትን፤ ዘበኛው እንደገና እስኪያስፈራ፣ ግን ጣቱ ቁልፉን እስኪያገኝ ጊዜ እስኪሰጠው ድረስ። ከዚያ ልጆቹ በተሰበሰቡበት እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆኖ ዘበኛውን ጣለው። አንዱ «ቺት ነው፣ አጭበረበረ!» ሲል ሌላው «እስቲ አንተ በእሱ እጅ ሞክረው» አለው። ክርክሩ በዚያው ሞተ። ምስጋናውም ያን እጅ ከዚያ ወዲህ ሲሸፍነው አላየሁም።

ዛሬ ልጆቻችን ከባዱን ለማቅለል አንድ ጊዜ መንካት ይበቃቸዋል፤ ደግሞም ጥሩ ነው፣ እጁ የማይታዘዝለት ልጅ ደጅ አይወጣም። ግን የከፈቱት ነገር ሆዱ ምን እንደሚመስል አያዩም። ያኔ እኛን የያዘንን ዝምታ አልያዛቸውም፤ በዚህ አዝንላቸዋለሁ። በእኛ አገር ላይ ከዚያ ወዲህ ያለፈውንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ጦርነቱን፣ ድርቁን፣ መንገድ ተዘግቶ ስልክ ጠፍቶ በሕይወት መኖራችንን ሳንተዋወቅ የከረምንበትን ጊዜ። እኔ ወልዲያ ቀረሁ። ምስጋናው ያን ሁሉ እዚያው ሰቆጣ ሆኖ አሳለፈ፣ አሁን አጠገቧ ባለው ዝቋላ ወረዳ ያስተምራል።

ያን ምሽት ልጄ ስትጫወት አይቼ ደወልኩለት። ከሁለቱ ቀን የትኛው ይበልጥብህ ነበር ብዬ ጠየቅሁት፤ ነፍስህ ሳታልቅ የሄድክበት ነው ወይስ ዘበኛውን የጣልክበት? ያሸነፈበትን እንደሚለኝ እርግጠኛ ነበርኩ።

«የመጀመሪያው» አለኝ ሳያመነታ። «ዘበኛ እንኳ ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጥያለሁ። ሳልፈራ ዙሪያዬን ያየሁት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው፣ ዝናሽ።»