በአሚና መደብ ላይ ማን ይቀመጣል?

ዛሬ ታላቅ እህቴን አሚናን፣ አላህ ይርሐማትና፣ ቀብረን ስንመለስ የእጃችን አፈር ሳይራገፍ የአጎታችን ልጅ ዩስፍ መደቧ ላይ ወጥቶ ተደላደለ።

የሐረር ቤት ለማያውቅ ልንገር። በቤት ውስጥ ካሉት መደቦች አንዱ አሚር ነደባ ይባላል፤ የአባወራው መቀመጫ ነው። አሚና ባሏ ከሞተ በኋላ ማንንም ሳታስፈቅድ ወጥታ ተቀመጠችበት። ዘጠናን አልፋ እስክትሞት ማንም አላወረዳትም። እኔ ታናሿ «ይህ ነገር ደግ አይደለም» ብላት «አንተ ሻይህን ጠጣ» አለችኝ።

«ዩስፍ፣ ውረድ» አልኩት።

«የወንድ ቦታ እኮ ነው!»

«እሷ እያለች ለምን አልነገርካትም?»

እያጉረመረመ ወረደ።

ከዚያ ልጇን ፈቲያን ጠራሁ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመች፣ ቤቱንም የምትይዘው እሷ ናት። ዩስፍ ነገ ተመልሶ እንዳይወጣ ብዬ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አልኳት።

የሻይ ትሪ እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«አጎቴ፣ እማዬን ተቀመጪ ያላት ማን ነበር? እኔም እርስዎ ስላዘዙኝ አልቀመጥም። ሲያሻኝ እቀመጣለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። በለቅሶ ቤት! ደግ ባስብላት መሳቂያ አደረገችኝ።

ይህን ስጽፍ መደቡ ባዶ ነው፤ ዩስፍም ሌላውም ዝር አላለበትም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለች ካለች፣ እንዴት እንደቻላችኋት ጻፉልኝ። እኔ እናትየዋንም ልጅየዋንም አልቻልኳቸውም።