የጠፈሩ ሰው ገባ ወይ?

ልጅ እያለሁ ጠፈር ማለት የቤት ጣሪያ የሚሸከመው እንጨት ነበር። ሌላ ጠፈር እንዳለ መካነ ሰላም ላይ ማን ይነግረናል! አባቴ አናጢ ስለነበር፣ ጠፈር ሲያጋድም ከሥር ቆሜ ሚስማር አቀብለው ነበር። ማታ ሲገባ ልብሱ ጽድ ጽድ ይሸታል። ያን ሽታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ድርቁ ሲጠና ግን ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፋ፤ እህሉም ከየጎተራው አለቀ። አባቴ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወረደ፤ በዚያው ድምፁ ጠፋ። ክረምቱ አልፎ፣ ንጉሡ ወርደው፣ ሌላ ክረምት ሊገባ ሲል አጎቴ "እንግዲህ እርምሽን አውጪ፣ ተዝካሩን እናውጣ" እያለ እናቴን ይጨቀጭቃት ጀመር። የወንድሙ ነገር አንጀቱን ስለበላው ነው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ "መርዶ ያመጣልኝ ሳይኖር ጥቁር አልለብስም" ብላ እንቢ አለች። አንዳንድ ቀን ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ስታይ፣ ልትሸነፍ ነው ብዬ እፈራ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሲኒማ የሚያሳይ መኪና መጣ። በድምፅ ማጉያው "የጠፈርተኛውና የቤተሰቡ ታሪክ!" እያለ ከተማውን ሲዞር እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። "አናጢ ነው በይኛ!" ብላ ፊቴን አጥባ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነባን አስከትላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወሰደችኝ።

ጀንበር እንደጠለቀች ሜዳው ላይ በተወጠረው ነጭ አንሶላ ላይ አንድ ፈረንጅ ብቅ አለ። ሴት ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ ይቀልባል፤ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። እናቴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ "አላልኩሽም?" አለች። ከዚያ ሰውየው ጭንቅላቱ ላይ እንስራ የመሰለ ነገር ደፍቶ ማማ የሚያህል ብረት ውስጥ ገባ። ከሥሩ እሳት ሲለቁበትማ እትዬ ዘይነባ "ያ ረቢ! በቁሙ ሊያቃጥሉት ነው!" ብላ ጮኸች። ብረቱ ሽቅብ ተተኩሶ ሰማይ ውስጥ ጠፋ። ሚስቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ ልጅቷ ጉልበቷ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ታየች። ይሄኔ ፊልሙ ተቋረጠና አንሶላው ባዶውን ቀረ።

ፊልም የሚያሳየው ወጣት የቀረው ክፍል ወረኢሉ ላይ እንደተበላሸበት ነግሮን "በሉ ወደየቤታችሁ" አለ። "ሰውየውን ሰማይ ሰቅለህ ወዴት ልትሄድ ነው?" አለችው እትዬ ዘይነባ። ሰዉ በሳቅ አውካካ። እናቴ አልሳቀችም። እጄን ይዛ፣ ሰው እየገፋች ሄዳ ወጣቱ ፊት ቆመች።

"ልጄ፣ ገባ ወይ?"

"ፊልም እኮ ነው፣ እናቴ።"

"ፊልምነቱ ይሁን። ሰውየው ቤቱ ገባ ወይ ነው የምልህ!"

ወጣቱ እሷንም እኔንም አየን። "ገብቷል፣ እናቴ። ልጅቷንም አቅፎ ስሟታል" አላት።

"እሰይ! አንተም በሰላም ለናትህ ግባላት" ብላ መረቀችው።

ከዚያ ወዲያ አጎቴ አፉን በከፈተ ቁጥር "ሰማይ የወጣው እንኳ ገብቷል፤ ሁመራ ከሰማይ ይርቃል?" ትለው ጀመር። ምስኪን፣ የተዝካሩን ነገር ተወው። ለመስቀል ሰሞን አባቴ ወባ አክስቶት፣ መጥረቢያውን ሸጦ በልቶ፣ ዱላ ተመርኩዞ መጣ። እናቴ እልል አለች፣ አለቀሰች፣ ተቆጣችው፤ ሁሉንም ባንድ ላይ።

አድጌ ደሴ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ያንኑ ፊልም ቪዲዮ ቤት አገኘሁት። ያችው ሚስት፣ ያው መስኮት። ሰውየው ግን አልተመለሰም፤ ብረቱ እዚያው ሰማይ ላይ ጋየ። አገር ቤት ስሄድ ለአባቴ ብቻ በጆሮው ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እናቴ ወዳለችበት ጓዳ ገልመጥ አድርጎ "አደራ፣ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ዛሬ ልጆቼ ፊልሙን ሳይጀምሩ መጨረሻውን ከስልካቸው ያነባሉ። መንገድ የወጣ ሰውም ገና መናኸሪያ ሳይወርድ "ደረስኩ" ይላል። ደግ ነው፤ ያ ጭንቀት አይመለስብን። ያን ውሸታም ወጣት ግን ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር። እናቴ ያ ሰውዬ ቤቱ እንደገባ እያወቀች አረጀች፤ እንደገባ እያወቀች አረፈች።