ከዋርካው ማዶ የነበረችው ቢሳና

ቡሬ ዳር ያለው ሰፈራችን ለከተማ ማስፋፊያ ሲከለል፣ ፕላን የሚነድፉት ባለሙያዎች ዋርካው ሥር ሰበሰቡን። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ «የኖራችሁበት ነገር ሁሉ እንዲጠፋ አንፈልግም። ዛፍም ይሁን ምንጭ፣ መቃብርም ቢሆን፣ መቆየት ያለበትን ንገሩን። መንገዱን እሱን አይተን እናወጣዋለን» አለችን።

ሰዉ ዋርካውን አለ፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ደም የሚደርቅበት ነው። ምንጩንም አሉ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ «ባለቤቴንም ጻፉልኝ፤ በዕድሜ ከዋርካው ትበልጣለች» ቢሉ፣ ሚስታቸው ከኋላ፣ «እሳቸውን ለመንገዱ ስጡልኝ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ፣ «እርስዎስ፣ እናቴ?» አለችኝ።

የመጀመሪያ ልጄ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ክርስትና ሳትነሣ ነው የሞተችው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበረችም። ባለቤቴ ከጓሯችን አጥር ውጭ፣ አንዲት ቢሳና ሥር ቀበራትና ለምልክት የተሰበረ የወፍጮ መጅ አኖረ። ከእሷ በኋላ የወለድኳቸው ሦስቱ ይህን አያውቁም። የሞተችውን ካነሣሁ ሞት በቆሙት ላይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

«እኔ የምለው የለኝም፣ ልጄ» አልኳት።

ዛፍ መቁረጥ ሲጀመር አላስችል አለኝና ቆርቆሮ ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ወረቀቱን ዘርግታ ብዙ ፈለገች። ቢሳናዋ ያለችበት ላይ መንገድ ተሠምሮበታል።

«ምነው ያኔ በነገሩኝ! ትንሽ ማዞር ብቻ ነበር» አለችኝ። «አሁን ጸድቋል፤ ከእጄ ወጥቷል። አጽሟን ግን ቶሎ አንሡ።»

በማግሥቱ ማልደን ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ማሽኑ ቀድሞን ነበር። ቢሳናዋ የለችም፤ አፈሩ ተገልብጧል። መጁን እስከ ረፋድ ፈለግን፤ አላገኘነውም።

ዋርካው ዛሬም አለ። ዙሪያውን በድንጋይ ክበውት፣ መቀመጫ አበጅተውለት፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል። ሥራው ጥሩ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። እዚያ ተቀምጬ አስፋልቱን አያለሁ። ከዋርካው እስከ ቢሳናዋ ስንት እርምጃ እንደነበር ቆጥሬ አላውቅም። ባለቤቴም ስጠይቀው አንድ ቀን የመብራት ምሰሶው ጋ፣ ሌላ ቀን ባጃጆቹ የሚዞሩበት ጋ ያሳየኛል።

ልጆቼ ትምህርት ቤት የሚመላለሱት በዚያው መንገድ ነው። እስካሁን አልነገርኳቸውም።